የሚለበስ ቅርጻቅርጽ፦ ጎንደር ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቀራጺ ነኝ፤ ከአሮጌ ጨርቅ፣ ከማዳበሪያ፣ ከቆርኪና ከሽቦ የሚለበስ ሥራ እሠራለሁ፤ ሰው ደጋግሞ የሚጠይቀኝን ከነመልሱ እነሆ።

የሚለበስ ቅርጻቅርጽ ማለት ምንድን ነው?

ሰው ሲለብሰው የሚሟላ ቅርጻቅርጽ ነው። ድንጋይ ወይም እንጨት የሚጠርብ ሰው የሚያስባቸው ነገሮች ሁሉ እዚህም አሉ፤ ቅርጹ፣ ክብደቱ፣ ብርሃን ሲያርፍበት የሚጥለው ጥላ። ልዩነቱ የሚቆመው ሰው ላይ መሆኑ ነው። ሐውልት አንዴ ከተተከለ ተተከለ። ይሄ ግን ይራመዳል፣ ይቀመጣል፣ ደረጃ ይወጣል፣ ሰላምታ ሲሰጥ ጎንበስ ይላል። ስለዚህ ከፊት አምሮ ከኋላ ባዶ ከሆነ ሥራው አላለቀም። ሰው ዞር ማለቱ አይቀርማ።

ቁሳቁሱ ከቤትና ከሰፈር የሚገኝ ነው። ያለቀ ጋቢ፣ የተቀደደ ነጠላ፣ የእህል ማዳበሪያ፣ የለስላሳ ቆርኪ፣ የግንባታ ሽቦ፣ ሲባጎ፣ አክርማ። ውድ ነገር መግዛት አያስፈልግም። ጊዜ ግን በጣም ይበላል።

ከፋሽን በምን ይለያል?

ልብስ ሰፊ መጀመሪያ የሰውየውን ልክ ይወስዳል፣ ከዚያ ጨርቁን በልኩ ይቆርጣል። እኔ የምጀምረው ከዕቃው ነው። ጋቢ አራት ድርብ ስለሆነ ትከሻ ላይ ሲወድቅ እጥፋቱ ወፍራምና ዝግ ያለ ነው። ነጠላ ስስ ስለሆነ ለመነሣት ትንሽ ነፋስ ይበቃዋል። ማዳበሪያ ደግሞ ጨርቅ ቢመስልም እንደ ጨርቅ አይወድቅም፤ አንዴ ካጠፉት ያጠፉበት መስመር ላይ ቀጥ ብሎ ይቀራል። የእኔ ሥራ ይሄን ጠባያቸውን አውቆ እንደየጠባያቸው ቦታ መስጠት ነው።

ሌላም ልዩነት አለ። ጥሩ ልብስ የለበሰ ሰው ልብሱን ረስቶት ይውላል። የእኔን ሥራ የለበሰ ሰው ግን እንዲረሳው አልፈልግም። አረማመዱ እንዲለወጥ፣ አንገቱ ቀና እንዲል፣ በር ሲገባ ትከሻውን እንዲያዞር ነው የምፈልገው። ሲያወልቀው ስለ ገዛ ሰውነቱ ከዚያ በፊት ያላስተዋለውን አንድ ነገር ቢያውቅ፣ ለምሳሌ በየትኛው ትከሻው እንደሚያዘነብል፣ ለእኔ ሥራው ሠርቷል።

ይሄ የፈረንጅ ነገር አይደለም እንዴ?

አይደለም። ጥያቄው በተነሣ ቁጥር ትንሽ ይከነክነኛል፤ ምክንያቱም ጨርቅን ሰውነት ላይ መቅረጽ እኛ ጠንቅቀን የምናውቀው ነገር ነው። አንዱ ነጠላ ለቤተ ክርስቲያን ሌላ ነው፣ ለለቅሶ ሌላ፣ ለሥራ ሌላ። ያጣፉታል፣ ይከናነቡታል፣ ያደገድጉበታል፣ ወገባቸው ላይ ያሸርጡታል፣ ሐዘን ሲሆን ይዘቀዝቁታል። ጨርቁ ያው ነው። ቅርጹ ግን ስለተለወጠ ከሩቅ ያየ ሰው ቤቱ ውስጥ ምን እንደተፈጠረ ማንም ሳይነግረው ይረዳል። ጀግና ይለብሰው የነበረው ለምድም፣ የሙሽራ ካባም እንዲሁ ትከሻን አስፍቶ ሰውን ከሰው የሚለይ ሥራ ነው።

ጎንደር ላይ ደግሞ ይሄን ለማጥናት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የመጀመሪያው የጎንደር የሥዕል ስልት የቅዱሳኑን ልብስ እጥፋት ጎን ለጎን በተሰመሩ መስመሮች ያሳያል። ከእቴጌ ምንትዋብ ዘመን ጋር የሚያያዘው ሁለተኛው ስልት ደግሞ ጥላ ጨምሮበት፣ አበባና ጌጥ ያለበትን ጨርቅ ሳይቀር በዝርዝር ይሥላል። እነዚያ ሠዓሊዎች ጨርቅ እንዴት እንደሚወድቅ ቁጭ ብለው ያዩ ሰዎች ናቸው። እኔ ዛሬም እጥፋት ሲያስቸግረኝ የድሮ ሥዕል ፊት ሄጄ እቆማለሁ።

ሌሎችስ እነማን ሠርተውታል? ማንን ልመልከት?

መጀመሪያ የምጠቁመው ብራዚላዊውን ኤሊዮ ኦይቲሲካን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ ፓራንጎሌ የሚባሉ ካባ መሰል ሥራዎችን ከጨርቅና ከላስቲክ ሠራ፤ ተሰቅለው እንዲታዩ ሳይሆን ተለብሰው እንዲጨፈርባቸው። በ1965 የማንጌይራ ሰፈር ሳምባ የሚባለው የብራዚል ጭፈራ ጨፋሪዎች ለብሰውት ሪዮ ወዳለው የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ሲመጡ አትገቡም ተባሉ። ውጪ ጨፈሩ። አሜሪካዊው ኒክ ኬቭ ደግሞ (ዘፋኙ ሳይሆን ቀራጺው) ሮድኒ ኪንግ የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ በፖሊሶች ከተደበደበ በኋላ፣ በ1992 ከመናፈሻ የለቀመውን ጭራሮ አያይዞ ሙሉ ሰውነት የሚሸፍን ልብስ ሠራ። ለብሶት ሲንቀሳቀስ ጭራሮው ድምፅ አወጣ። ውስጥ ያለው ማን እንደሆነ፣ ዘሩ ምን እንደሆነ አይታወቅም፤ ሐሳቡም ይኸው ነበር።

ከአፍሪካ ኬንያዊው ሳይረስ ካቢሩ ከተጣለ ብረትና ሽቦ የሚሠራቸው መነጽሮች አሉ። የሚደረጉ ናቸው፣ ግን ቅርጻቅርጽ ናቸው። ጋና ተወልዶ ናይጄሪያ ውስጥ የሠራው ኤል አናትሱይ የመጠጥ ጠርሙስ ክዳኖችን በመዳብ ሽቦ እየሰፋ ግድግዳ የሚሞላ ጨርቅ መሰል ሥራ አወጣ፤ በ2015 የቬኒስ ቢየናሌ የሚባለው ትልቅ የጥበብ ኤግዚቢሽን የዕድሜ ልክ ሥራውን በወርቅ አንበሳ ሸልሞታል። የእሱ አይለበስም፣ ነገር ግን ብረት እንዴት እንደ ሸማ እንደሚወድቅ ያስተማረኝ እሱ ነው። የኛው ኤልያስ ስሜም አለ። ክር፣ አዝራር፣ የተጣለ የኮምፒውተር ሽቦና ቁልፍ ተጠቅሞ የሚሠራቸውን ትላልቅ ሥራዎች አይታችሁ ማዳበሪያ ምን ያደርጋል ብላችሁ አትጠይቁም። ከመስከረም አሰግድ ጋር የመሠረተው ዞማ ሙዚየም አዲስ አበባ ነው፤ ለጉዳይ ስትወጡ ጎራ በሉበት።

ጎንደር ውስጥ ዕቃውን ከየት ታገኚዋለሽ?

ማዳበሪያና ሲባጎ ቅዳሜ ገበያ ሞልቷል። እህል ነጋዴዎች የተቀደደውን በርካሽ ይለቁታል። ቆርኪ ከምግብ ቤትና ከግሮሰሪ ነው፤ ለአስተናጋጆቹ ባዶ ጀሪካን ሰጥቶ እዚያ ውስጥ እንዲያጠራቅሙ መለመን ይሻላል፣ ካልሆነ ከሲጋራ ቁራጭ ጋር ተቀላቅሎ ይመጣል። ልብስ ሰፊዎች ቁርጥራጭ ጨርቅ አላቸው። የሰልቫጅ ነጋዴዎች ማንም የማይገዛው ቀዳዳ ሹራብ አላቸው፤ ያን ሹራብ ተርትሬ ክሩን እጠቀምበታለሁ።

ከሁሉም የምወደው ከሸማኔ ቤት የሚገኘው ነው። ሸማው ተቆርጦ ሲወርድ እንጨቱ ላይ የሚቀር የድር ጫፍ አለ። አጭር ስለሆነ ለሌላ ሥራ አይሆንም። እኔ ግን ሰብስቤ እየገመድኩ የአንገት ሥራ አወጣበታለሁ፤ በእጅ የተፈተለ ክር ስለሆነ ወፍራምና ቀጭን ቦታ አለው፣ ያ ወጣ ገባነቱ ብርሃን ላይ ያምራል። የሸክላ ዶቃ ከፈለጋችሁ በደባርቅ መንገድ ወጣ ብላችሁ ወለቃ ያሉትን ሸክላ ሠሪዎች አነጋግሩ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። የአፈር ማዳበሪያ የነበረበትን ከረጢት በደንብ ሳታጥቡ ሰውነት ላይ እንዳታደርጉ፤ ብናኙ ቆዳ ያሳክካል። የፀረ ተባይ መድኃኒት ወይም በመድኃኒት የታሸ ዘር የተያዘበትን ደግሞ ቢታጠብም አትጠቀሙ። ከረጢቱ ላይ የተጻፈውን አንብቡ፤ ካልተጻፈበት ተዉት።

ማዳበሪያ ስቆርጥ ይተረተርብኛል። ምን ላድርግ?

ይሄ ከሁሉም ጥያቄ ይበዛል። ማዳበሪያ ማለት የጠፍጣፋ ፕላስቲክ ጭረቶች ሽመና ነው፤ ድርም ማግም አለው፣ ነገር ግን ጭረቶቹ ስለሚያዳልጡ አንዱን ጫፍ ከፈታችሁት ቀሪው ተከትሎ ይፈታል። ስለዚህ ከመቁረጣችሁ በፊት የምትቆርጡበትን መስመር ግራና ቀኝ በስፌት መኪና ሁለት ጊዜ ስፉና መሃሉን ቁረጡ። መኪና ከሌለ በእጅ መርፌ በጥቅጥቅ ስፉት። ቀስ ይላል እንጂ ይሠራል።

ሌላው ዘዴ እሳት ነው። የቆረጣችሁትን ዳር በሻማ ነበልባል ጎን (ውስጥ ሳይሆን ጎን) ቶሎ ብላችሁ አሳልፉት። ጭረቶቹ ይኮማተሩና ጫፋቸው ላይ ትንሽ ጠንካራ ዶቃ ያወጣሉ፣ ከዚያ አይተረተሩም። ቆም ካላችሁበት ግን ይቀዳደዳል። ይሄን ደጅ አድርጉት፤ ጭሱ ለሳንባ ጥሩ አይደለም፣ የቀለጠውም እጅ ላይ ከወደቀ ይጣበቃል። ያ የቀለጠ ዳር አንገት ይቧጭራል። እኔ ከአሮጌ ነጠላ ሁለት ጣት የሚያህል ጥብጣብ ቀድጄ ዳሩን በእሱ እጠቀልለውና እሰፋዋለሁ። ከተቻለ ጥለት ያለበትን ጫፍ። ሻካራው ፕላስቲክና ለስላሳው ጥጥ የሚገናኙበት ያ ስፌት፣ ከብዙ ሥራዎቼ ውስጥ ሰው ሳያውቀው እጁን ሰዶ የሚነካው ቦታ ነው።

የስፌት መኪና የግድ ነው?

አይደለም። ወፍራም የጆንያ መርፌ፣ ወስፌ፣ ጥሩ መቀስ፣ ፒንሳና መዶሻ ካላችሁ ትጀምራላችሁ። መሶብ የምትሰፋ ሴት ያላት ወስፌ፣ አክርማና ሰንደዶ ነው፣ ግን ያን የመሰለ የቆመ ቅርጽ ታወጣለች። አጠገባችሁ ስፌት የሚያውቁ እናት ካሉ እግራቸው ሥር ቁጭ በሉና ክቡ ወደ ላይ መነሣት ሲጀምር እጃቸው ምን እንደሚያደርግ ተመልከቱ።

በጣም አይከብድም? ሰው እንዴት ይሸከመዋል?

ሊከብድ ይችላል፤ ቀድሞ ማስላት ያስፈልጋል። አንድ ቆርኪ ወደ 2 ግራም ይመዝናል። ምንም አይመስልም። 1,000 ሲሆን 2 ኪሎ ነው፣ ማያያዣ ሽቦው ሲጨመር ደግሞ ከዚያ በላይ። ጀርባን እስከ ተረከዝ የሚሸፍን ካባ በሺዎች የሚቆጠር ቆርኪ ይወስዳል። ስለዚህ እኔ ቆርኪውን በየቦታው አልበትነውም። ትከሻ አካባቢ አበዛዋለሁ፣ ወደ ታች ሲወርድ በማዳበሪያ ጭረትና በክር እተካዋለሁ። ታች ላይ ቀላል ከሆነ ሲራመዱ ይንሳፈፋል፤ ታች ላይ ከከበደ አንገትን ወደ ኋላ ይጎትታል።

ዋናው ነገር ሸክሙ የት ላይ እንደሚያርፍ ነው። አንገት ሥር ያለው ለስላሳ ሥጋ ላይ ካረፈ ብዙም ሳይቆይ ራስ ምታት ያመጣል። ከጋቢ ቁራጭ ድርብርብ አድርጌ የትከሻ ትራስ እሠራለሁ፣ ሸክሙም ወደ ትከሻው አጥንት እንዲወጣ አደርጋለሁ። ከበድ ላለው ሥራ ደግሞ መቀነት አለ። ረጅም መቀነት ዳሌ ላይ ጠበቅ ተደርጎ ሲጠመጠም ግማሹን ክብደት ከትከሻ ይቀበላል። ገጠር ውኃ ተሸክመው ዳገት የሚወጡ ሴቶች ወገባቸውን የሚያስሩት ለውበት ብቻ አይደለም። ይሄን ዘዴ ከየትም መጽሐፍ አልወሰድኩትም፣ እነሱን አይቼ ነው።

ከዚያ ይሞከራል። የሚለብሰው ሰው እጁን ሙሉ በሙሉ ያንሣ፣ ወንበር ላይ ይቀመጥ፣ ደረጃ ይውጣ፣ በር ይግባ። የሆነ ቦታ ከያዘው ያን ቦታ ፈትቼ እንደገና እሠራለሁ። ሁለት ነገር ላይ ደግሞ ፈጽሞ አልደራደርም፤ አፍና አፍንጫ አይሸፈንም፣ ለባሹም ያለማንም እርዳታ በፍጥነት ማውለቅ መቻል አለበት። ስለዚህ ማሰሪያው ፊት ለፊት ነው፣ አንድ ክር ሲሳብ የሚፈታ።

ልጆች ይሥሩት?

አዎ፣ ደስ እያላቸው ይሠሩታል። ቆርኪ መቀጥቀጡንና እሳቱን እናንተ ያዙላቸው። ፌስታል ጭንቅላታቸው ላይ እንዳያጠልቁ አደራ።

የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መግባት አለብኝ?

ከቻላችሁ ግቡ። በአለ ፈለገ ሰላም የተመሠረተውና ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ለብዙ ቀራጺና ሠዓሊ በር ከፍቷል። ትምህርት ቤት የሚሰጠው ትልቁ ነገር ሥራችሁን ፊት ለፊት የሚተቹ ሰዎች ናቸው። ብቻውን የሚሠራ ሰው ያንን ያጣል።

ካልቻላችሁ ግን በዚህ ሥራ ላይ ጎንደር ራሷ ብዙ ታስተምራለች። ሸማኔ አለ፣ ስፌት አለ፣ ቆዳ የሚሠራ አለ፣ ብረት ቀጥቃጭ አለ። እኔ የምመክረው አንድ እጅ ሥራ መርጣችሁ ከባለሙያው ዘንድ በክፍያም ቢሆን በደንብ መማር ነው። ትንሽ ትንሽ ከሁሉም ከመነካካት አንዱን ጠልቆ ማወቅ ይሻላል። ሽመና የተማረ ሰው ማዳበሪያ ሲያይ ድርና ማግ ነው የሚታየው።

ይታጠባል? እንዴት ይቀመጣል?

ሙሉው ሥራ አይታጠብም። ስለዚህ ሰውነት የሚነካውን የውስጥ ገበር ለብቻው የሚወልቅ አድርጌ ከጥጥ እሠራዋለሁ፤ ላብ የሚይዘው እሱ ስለሆነ የሚታጠበው እሱ ነው። ጥጡን ደግሞ ከመቁረጣችሁ በፊት ዘፍዝፋችሁ አድርቁት። አዲስ ሸማ ከታጠበ በኋላ ይሰበሰባል፣ ከተሰፋ በኋላ ከተሰበሰበ ቅርጹን ያጣምማል። ጨርቁን ለማቆም በዱቄት ሙጫ ባትጠቀሙ እመርጣለሁ፣ አይጥና ነፍሳት ይወዱታል። የአናጢ ነጭ ኮላ በውኃ ቀጥኖ ይበቃል።

ጠላቶቹ ሦስት ናቸው፤ ፀሐይ፣ ብልና እሳት። ማዳበሪያ ፀሐይ ላይ ከከረመ ይሰባበራል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ፀሐይዋ ጠንካራ ናት፣ መስኮት አጠገብ አትስቀሉት። ሱፍ ካለበት፣ ባና ወይም በርኖስ፣ ብል ስለሚበላው በየጊዜው አውጥታችሁ አራግፉት። ማዳበሪያ የለበሰ ሰው ደግሞ ሻማና ጧፍ ወዳለበት አይጠጋ። ፕላስቲክ ሲቀልጥ ሰውነት ላይ ይጣበቃል።

የት ነው የሚለበሰው? ለሰርግ ይሆናል? ለጥምቀትስ?

ለኤግዚቢሽን፣ ለመድረክ፣ ለፎቶ፣ አንዳንዴም ለሰርግ። የሰርጉን ከጠየቃችሁኝ ለሙሽሮቹ ሳይሆን ለሚያጅቡ ሰዎች ብሠራ እመርጣለሁ፤ ሙሽራ ብዙ ሰዓት መቀመጥ፣ መተቃቀፍና መብላት አለባት። ፋሲል ግቢ ፎቶ መነሣት የምትፈልጉ ቅጥሩ ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ ቅርስ ስለሆነ ሞዴልና መብራት ይዛችሁ ከመሄዳችሁ በፊት የሚያስተዳድረውን ቢሮ ጠይቁ። ድንጋዩ ላይ ምንም ነገር አትደግፉ፣ አትስቀሉ።

ጥምቀት ላይ አልወስደውም። ወጣቶች ለበዓሉ አምረው መውጣታቸው ደስ ይለኛል፣ ግን ያን ቀን ሰው ዓይኑ ታቦቱ ላይ ነው መሆን ያለበት። የእኔ ሥራ ሰው ዞር ብሎ እንዲያየው የተሠራ ነው። ሁለቱ አብረው አይሄዱም። በተመሳሳይ ምክንያት የቅዳሴ ልብስ፣ መጎናጸፊያ ወይም የቤተ ክርስቲያን መጋረጃ የነበረ ጨርቅ አልቆርጥም፣ ያረጀ ቢሆንም። አሮጌ ጨርቅ ነው ብሎ የሚያመጣልኝ ሰው አለ፤ ለደብሩ እንዲመልሰው ነው የምነግረው።

ከተጣለ ነገር ከተሠራ ለምን ይወደዳል?

ቆርኪው ነፃ ነው። ቆርኪውን መልቀም፣ ማጠብ፣ የውስጡን ላስቲክ መላጥ፣ መቀጥቀጥ፣ እያንዳንዱን በምስማር መብሳት፣ ስለታሙን ዳር ማጠፍና በሽቦ ማያያዝ ነፃ አይደለም። አንድ ሰው ከማዳበሪያ የተሠራ ነው ብሎ ዋጋ ሲቀንስብኝ ደስ አይለኝም። የሸማኔውን ጥበብ ማንም በጥጡ ዋጋ አይገዛውም።

ስትሸጡ ዋጋውን እንዲህ አውጡት። የገዛችሁትን ዕቃ፣ ለሌሎች ባለሙያዎች የከፈላችሁትን፣ የሠራችሁበትን ጊዜ ጻፉ። ጊዜያችሁን አንድ ጥሩ ልብስ ሰፊ ከተማችን ውስጥ በቀን በሚያገኘው ልክ ተምኑት፣ ከዚያ በታች አትውረዱ። መግዛት ለማይችል ሰው ማከራየት አለ። ለመድረክና ለፎቶ የሚፈልጉት ብዙዎች ናቸው፣ ቱሪስት በሚቀዛቀዝበት ጊዜም እጅን የሚያሟሽ እሱ ነው።

የሸማኔውን ጥለት ወስደሽ የራስሽ አድርገሽ መሸጥሽ ልክ ነው?

ጥያቄው ተገቢ ነው፣ የሚጠይቁኝም አብዛኛውን ጊዜ ሸማኔዎች ናቸው። ጎንደር ላይ ሽመናን ለትውልዶች ተሸክመው ያቆዩት በተለይ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤላውያን ናቸው። ብዙ ጊዜ ደግሞ ሥራቸው እየተለበሰ እነሱ ይናቁ ነበር። ይሄን የሚያውቅ ሰው ጥለቱን እንደ ባለቤት የሌለው ዕቃ አይቆርጠውም። እኔ አዲስ የተሸመነ ሲሆን ከሸማኔው በቀጥታ እገዛለሁ፣ ምን እንደማደርገው እነግረዋለሁ፣ ካልተቃወመ ስሙ ከሥራው ጎን ይጻፋል። ቆርጬ ልጠቀምበት እንደሆነ ስነግረው ፊቱ ከከፋው አልቆርጠውም፣ አጥፌ እጠቀምበታለሁ። እንደ እውነቱ ከሆነ ብዙ ጊዜ ማጠፉ የተሻለ ሥራ አውጥቶልኛል።

የእኔን ሥራ ቢኮርጁብኝስ?

የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ቅርጻቅርጽን ይጠብቃል። ጥበቃው ሥራው ከተሠራበት ጊዜ ይጀምራል፣ ለማግኘት መመዝገብ ግዴታ አይደለም፣ የኢኮኖሚ መብቱም በሕይወት ዘመናችሁና ከሞት በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። ሐሳብ ግን አይጠበቅም። ቆርኪ ሰፍቶ ካባ መሥራት የማንም አይደለም፤ የእናንተን ካባ በቅርጽና በአሠራር መልሶ ማውጣት ነው ጥፋቱ። ስለዚህ እየሠራችሁ ቀኑ የሚታይበት ፎቶ አንሡ፣ ንድፋችሁን አትጣሉ።

የእናቴን ቀሚስ አምጥቼ ብሰጥሽ ትሠሪልኛለሽ? እናቴ አርፋለች።

ይሄ ከሁሉም የሚከብደኝ ጥያቄ ነው፣ ብዙ ሰውም ይጠይቃል። መልሴ አዎ ነው፣ ግን ወዲያው አይደለም። ሐዘኑ ትኩስ እያለ የሚወሰን ነገር በኋላ ያጸጽታል። ቢያንስ ተዝካሩ ይውጣ፣ ከተቻለ ሙት ዓመቱ ይለፍ። ብዙ ቤተሰብ የሟችን ልብስ ለነዳያን ይሰጣል፤ ያ ትልቅ ነገር ነው፣ እኔ እሱን ለማስቀረት አልፈልግም። አስቀድማችሁ ስጡ፣ ከሚቀረው አንዷን አምጡልኝ። ወንድምና እህት ካላችሁ ደግሞ ሁላችሁም መስማማት አለባችሁ። አንዷ እህት ሳትሰማ የተቀደደ ቀሚስ ቤት ያጣላል።

ቀሚሱን አልቆርጠውም። አጣጥፌ፣ እንደ ልብሱ መጠን ሁለት ሦስት ቦታ ብቻ በሚፈታ ስፌት እይዘዋለሁ፣ ዙሪያውን በሌላ ዕቃ እደግፈዋለሁ። ቤተሰቡ ከዓመታት በኋላ ሐሳቡን ቢቀይር ክሩ ተፈቶ ቀሚሱ ቀሚስ ሆኖ ይመለሳል። አንገትጌው ላይ ያለ የቅቤ ወዝ፣ ክንዱ ላይ ያለ የወጥ ጠብታ፣ ምጣድ ያቃጠለው ጫፍ፣ እነሱን አላጥባቸውም፣ አልሸፍናቸውምም። ሌላ ሴት ያንኑ ዓይነት ቀሚስ ልትገዛ ትችላለች። ያ የተቃጠለ ጫፍ ግን የእናታችሁ ብቻ ነው። ለዚህ ዓይነት ሥራ የምቀበለው የዕቃውን ወጪ ነው።

ተሰቅሎ ብቻ ከቀረ፣ ማንም ካልለበሰው ቅርጻቅርጽነቱ ይቀራል?

ግማሹ ይቀራል። ኤግዚቢሽን ላይ ለእያንዳንዱ ጎብኚ ማልበስ አይቻልም፣ ሥራው አይችለውም። ስለዚህ ሁለት ነገር አደርጋለሁ። ዋናው በሽቦ ትከሻ ላይ፣ ሰው ቁመት ላይ ይቆማል፣ ዙሪያውን መዞር እንዲቻል ከግድግዳ ይርቃል። አጠገቡ ደግሞ ከዚያው ቁሳቁስ የተሠራ ትንሽ ትከሻ ብቻ የሚሸፍን ቁራጭ አስቀምጣለሁ፣ የፈለገ ሰው ደርቦት ይራመዳል፣ የውስጥ ገበሩም ማታ ማታ ይቀየራል። መጀመሪያ የሚደፍሩት ልጆች ናቸው። ትልልቆቹ እነሱን አይተው ይከተላሉ፣ ከዚያ ማስወለቅ ነው የሚያስቸግረው።

ከእኔ የሚገዛ ሰው ደግሞ ከሥራው ጋር አንድ ወረቀት ይወስዳል። እንዴት እንደሚለበስ በሥዕል አለበት፤ የትኛው ክር ቀድሞ እንደሚታሰር፣ መቀነቱ ስንት ዙር እንደሚዞር፣ ማን ማገዝ እንዳለበት። በዓመት አንዴም ቢሆን ለጥቂት ደቂቃ አውርዶ ሰው እንዲያለብስበት እጠይቀዋለሁ፣ ክር ከላላ ወይም ቆርኪ ከወደቀ መልሶ ያምጣልኝ፣ ለጥገናው አላስከፍልም።